ቀበጧን ስናቃና

ቅዳሜ፣ የካቲት 14፣ ከሰዓት በኋላ
ከጋራዡ፣ ከወንበር መስፊያ ጠረጴዛዬ ላይ

ይድረስ ለሆዴ፣ አኩርፎኝ ለከረመው ባለቤቴ፤

እንደምን ከረምክ? ሰው ደብዳቤ ሲጽፍ «ከናፍቆትህ በስተቀር ደህና ነኝ» ይላል። እኔም እንደዚያ ብዬ ጀምሬ ወረቀቱን ቀደድኩት። ናፍቆቱን «በስተቀር» ብዬ ወዴት አድርጌው ነው ደህና የምሆነው? ቤቱን ሞልቶት የለም እንዴ! ወደ መኝታ ቤት ስሄድ አለ፤ ወደ ጋራዡ ስወርድ ቀድሞኝ ወርዶ ይጠብቀኛል። ስለዚህ እውነቱን ልንገርህ። ጤነኛ ነኝ፣ እበላለሁ፣ እሠራለሁ፣ ሰው ሲቀልድም እስቃለሁ። ናፍቀኸኛል ደግሞ፣ በጣም።

እናትህ ደህና ናቸው። ምላሳቸው እንደድሮው ነው፣ ሞረድ አይፈልግም። ደረጃ ሲወጡ ብቻ መሀል ላይ ቆም ማለት ጀምረዋል። «ምን ሆኑ እማማ?» ስላቸው «አየር እያየሁ ነው» ይላሉ። አየር እንዴት እንደሚታይ እሳቸው ናቸው የሚያውቁት። ይህን ደብዳቤ ሳላሽገው እንዳነብላቸው አስምለውኛል፤ ስለዚህ አንተ አሳምረህ የምታውቀውን የመኪና ነገር ከሀ ጀምሬ ሳብራራ ብታገኘኝ አትናደድ፣ ለእሳቸው ብዬ ነው። ዘልዬ የማልፋቸውን መስመሮች ደግሞ እኔ አውቃቸዋለሁ።

እሁድ እሁድ ስትደውል እማማ ስልኩን ድምፁን ከፍ አድርገው ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጡታል። ጆሯቸው ደክሞ እንዳይመስልህ፤ ወጥ ቤት ላለው ሰው እንዲሰማ ብለው ነው። እኔ ሰሃን አጥባለሁ። ንጹሕ ሰሃን ሳይቀር ደግሜ አጥባለሁ። አንተ «ሁሉም ደህና ነው?» ትላለህ፤ እሳቸው «ሁሉም ደህና ናት» ብለው ይመልሱልሃል። እኔም ውሃውን ዘግቼ አዳምጣለሁ። ባለፈው ስትስል ሰምቼህ ሳምንቱን ሙሉ በሐሳብ ነጎድኩ። ወፍራም ሹራብህን አትለብስም መሰለኝ።

ስትሄድ «አንቺም ነይ» ብለኸኝ ነበር። የውድድር መኪና የሚሠራበት ጋራዥ አግኝተህ ክንፍ አውጥተህ ነበር፣ እውነትህን ነው። እኔ ደግሞ «እማማን ለማን ጥዬ? መስፊያዬንስ?» አልኩ። «እንግዲያው ቅሪ» አልክ። «እቀራለሁ» አልኩ። አፋችን ላይ የመጣውን ተናገርንና ከዚያ ወዲህ ማን ይቅደም እየተባባልን፣ እንደ ሁለት ግትር በቅሎ ቆመን ቀረን። በሩ ላይ ስትደርስ ግን ዞር ብለህ «ቀበጧን መጥቼ እወስዳታለሁ፣ ማንም እንዳይነካት» አልክ። እኔን ሳይሆን መኪናዋን እያየህ ነበር የተናገርከው። ያም ሆኖ ያቺን ቃል ይዤ ነው የኖርኩት። ለእኔ ባይመጣ ለመኪናው ይመጣል፣ ብቻ ይምጣ እያልኩ አቧራዋን ስጠርግ፣ ባትሪዋን ስሞላ፣ ጎማዋን ስነፋ ከረምኩ።

እና ባለፈው ሰሞን አንድ እሁድ ስትደውል፣ «እማዬ፣ መኪናዋን ሽጧት» አልክ።

ውሃውን ዘጋሁት።

«ምነው ልጄ?» አሉ እማማ።

«ቆማ ከምትበሰብስ ሰው ይንዳት።»

«አንተስ?»

«እኔ እዚህ ሥራ በዝቶብኛል፤ መቼ እንደምመጣም አላውቅ።»

አለቀ። ሌላ ምንም አላልክም፣ ስለ ዋጋ እንኳን አልጠየቅክም። እማማ ወደ ወጥ ቤት መጥተው ፎጣውን ከእጄ ወሰዱና ሰሃኑን እሳቸው ማድረቅ ጀመሩ። እኔ ወደ ጋራዡ ወርጄ ቀበጧ ውስጥ ገባሁና ያንተ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። የራሴ ስፌት ነው፣ ወገብህን ለክቼ የሰፋሁት፤ ለእኔ ሰፊ ነው። አይመጣም፣ አልኩ ለራሴ። አሁን የእውነቱን አይመጣም።

ሽጧት ተብሎ የለ፣ ገዢው ሩቅ አልነበረም። የላይኛው መንገድ ላይ ያለውን የጥርስ ሐኪም ታስታውሰዋለህ? የታካሚ ወንበሩን ቆዳ ላድስለት ይዤው ነበር። ሊወስድ ሲመጣ ዓይኑ ቀበጧ ላይ ተተክሎ ቀረ። እንዳያት ወንበሩን ረሳው። ጎንበስ እያለ ከሥሯ ያያል፣ በሯን ከፍቶ ይዘጋል፣ የሚታጠፈውን ጣሪያዋን በጣቱ ይዳብሳል። «ልጄን ጎኔ አስቀምጬ ጣሪያውን ከፍቼ መሄድ ነው የምመኘው» አለኝ፤ ፊቱ የሕፃን ፊት ሆነ። ሚስቱ የሞተች ሰው ነው፣ ከዚያች ልጅ በቀር ማንም የለውም።

መሪዋ አልቆ እንደነበር አንተም ታውቃለህ። ራኩ (እማማ፣ ራክ ማለት መሪው ሲዞር ወደ ግራና ወደ ቀኝ እየተንሸራተተ ሁለቱን የፊት ጎማዎች የሚጎትተው ባለጥርስ ዘንግ ነው) ዘይት ማንጠባጠቡ ሳያንሰው ጥርሱም ተበልቷል። ይህንኑ ለሐኪሙ ስነግረው «ጥርሱ ከተበላማ መንቀል ነው!» ብሎ በራሱ ቀልድ እስኪያስለው ሳቀ። እኔም ሳቅኩ፣ ምን ላድርግ። የመለዋወጫ አስመጪው የእሷኑ ራክ አጣና የታናሽ እህቷን፣ ከእሷ በኋላ የወጣችውን ሞዴል አመጣልኝ። «ልኩ ነው፣ ዓይንሽን ጨፍነሽ ግጠሚው» አለኝ። ዓይኔን ጨፍኜ ሳይሆን አፍጥጬ ገጠምኩት፤ ገባም። አንተ ስትሠራ ሳቀብልህ ኖሬ የለ? ቡሎን እምቢ ሲልህ የምትሳደበውን ስድብ ሳይቀር በቃሌ ነው የማውቀው፤ እሱንም በየቦታው ተጠቀምኩበት። እማማ ከላይ ሆነው «ልጄ የመጣ መስሎኝ!» ብለው ጮኹ።

ከሐኪሙ ጋር ለሙከራ ወጣን። እሱ ይነዳል፣ እኔ ጎኑ ነኝ። ልስልሱ አስፋልት ላይ እንዴት እንደሄደች! ደስ አላት፣ እኛንም ደስ አለን። ከዚያ ከእንጨት መሰንጠቂያው ጀርባ ባለው፣ የጭነት መኪና በቆፈረው መንገድ ስንገባ ግን ሌላ መኪና ሆነች። አንዱ ጎማ ጉብታ በወጣ ቁጥር ወደ ጎን ዘላ ትሄዳለች። ሐኪሙ መሪውን ሙጥኝ ብሏል፣ እሷ በገዛ ፈቃዷ አጥር አጥሩን ትላለች። አንዴማ የመሰንጠቂያው ዘበኛ ከወንበሩ ተነስቶ ሮጠ።

«እጄን አላንቀሳቀስኩም!» አለ ሐኪሙ፣ መኪናዋን አቁሞ፤ ግንባሩ ላብ ብቻ ነው።

«አውቃለሁ፣ እጅዎን እያየሁ ነበር።»

«ልጄን እዚህ ውስጥ አላስቀምጥም። ከተስተካከለ ይጥሩኝ፤ ካልተስተካከለ ግን ይቅርብኝ።»

ይቅርብኝ ሲል ልቤ ጮቤ ረገጠች፣ አልዋሽህም። ወደ ቤት ስነዳት በየጉብታው እየዘለለች አጥር ልታስገባኝ ትደርሳለች፣ እኔ ግን እያንጎራጎርኩ ነው። ማን ይገዛታል እንዲህ ሆና! እዚሁ ናት፤ እሷ እዚህ ካለች ሰውየው አንድ ቀን «እስቲ ያቺን መኪና» ብሎ ይመጣል። እማማ ደጅ ቆመው ጠበቁኝ።

«ገዛ?»

«አልገዛም፤ ፈራ።»

«ታዲያ አንቺን ምን ያስቦርቅሻል?»

ቁልፉን መስቀያው ላይ ሰቀልኩ። ገባቸው። ሴትየዋ ምን የማይገባቸው ነገር አለ! እጄን ይዘው አጠገባቸው አስቀመጡኝና «ስሚ ልጄ» አሉኝ፤ «እሱን የወለድኩት እኔ ነኝ፤ እኔ ልንገርሽ። ለመኪና ብሎ ከመጣ መኪናውን ይዞ ይሄዳል። ደሞስ ነገ ሌላ ሰው ሳያውቅ ገዝቷት አንገቱን ቢሰብርስ? የባልሽ ጋራዥ እኮ ነው፣ ስሙ በር ላይ ተጽፏል።» ብዙ አልጨመሩም። ያን ቀን ግን የሐኪሙ ልጅ እዚያ ወንበር ላይ፣ እኔ በሰፋሁት ወንበር ላይ ተቀምጣ ታየችኝ። በማግሥቱ ቱታህን ለበስኩ። እጀታውን ጠቅልዬ ነው፤ ረጅም ነህ እኮ።

ሕመሟ ምን እንደሆነ አንተ ገና የመጀመሪያውን ዝላይ ስትሰማ ታውቀው ነበር። እኔ ሥሯ ተጋድሜ ቆይቼ ነው የገባኝ። ለእማማ ያስረዳኋቸው እንዲህ ብዬ ነው፦ ሁለት ሰዎች አልጋ ተሸክመው ደረጃ ሲወጡ እኩል ካልተራመዱ አልጋው ይዞርባቸዋል። ጎማውንም የያዙት ሁለት ናቸው፤ ከታች ክንዱ፣ አጠገቡ ደግሞ ከራኩ የሚመጣው የመሪ ዘንግ። ጎማው ጉብታ ሲወጣ ሁለቱ አንድ ላይ፣ በአንድ አቅጣጫ መነሳት አለባቸው። አዲሱ ራክ ግን እግሩ ከአሮጌው ቀጠን ያለ ስለሆነ ዝቅ ብሎ ነው የተቀመጠው። ዘንጉ ዝቅ ካለ ቦታ ይነሳና የጎማውን ጀርባ ወደ ውስጥ ይስበዋል፤ ጎማውም መሪውን ማንም ሳይነካው ፊቱን ወደ ውጭ ያዞራል።

እማማ በጥሞና ሰምተው ሲያበቁ «ገባኝ» አሉ። «ልጄም እንደዚሁ ነው። መንገድ ትንሽ ካንገጫገጨው ፊቱን ያዞራል።» ይህችን መስመር ሳነብላቸው ይክዳሉ፣ እንዳታምናቸው።

ችግሩ ሥራው የሁለት ሰው መሆኑ ነው። አንዱ ክሪኩን ይዞ ጎማውን ቀስ እያለ ያነሳል፣ ሌላው ምን ያህል እንደዞረ ያያል። እኔና አንተ ስንሠራው አንተ ክሪኩ ጋ ነህ፣ እኔ ጠመኔው ጋ። አናወራም ነበር፣ ትዝ ይልሃል? አንተ «እ?» ትላለህ፣ እኔ «እ» እላለሁ፣ አንድ ትጨምራለህ። ግማሽ ቀን ሙሉ «እ» እየተባባልን ውለን ስንወጣ ረጅም ወሬ ያወራን ይመስለኝ ነበር። አሁን ማን ይያዝልኝ? ጎረቤቱን በያጅ ልጠራው አስቤ ተውኩት። ያንተ ቦታ ላይ ሌላ ወንድ ቁጢጥ ብሎ ማየት አልፈለግኩም፤ ሞኝነት ነው፣ ግን አልፈለግኩም። እማማ ግን ማንም ሳይጠራቸው የወጥ ቤቱን አጭር ወንበር ይዘው ወረዱ።

«የቱን ነው የምገፋው?» አሉ።

ሞላውን አወጣሁት፣ ጎማው እንዳይከብድ። ጎማውን ፈትቼ በቦታው ረጅም ጣውላ በቡሎን አሰርኩ፤ ጣውላው ወደ ፊትም ወደ ኋላም ይወጣል። በሁለቱ ጫፎች የልብስ ጠመኔ አስሬ ከፊትና ከኋላ ሰሌዳ አቆምኩ። መሪውን መሀል ላይ በገመድ ጠፍሬ አሰርኩት። እማማ ክሪኩን ሲገፉ ጣውላው ይነሳል፣ ጠመኔዎቹም ሰሌዳው ላይ ይጽፋሉ። ሁለቱም መስመሮች ወደ አንድ ጎን ካዘነበሉ ጎማው እንዳለ ገባ ወይም ወጣ ማለት ነው፣ ያ ክፋት የለውም። አንዱ ወደዚህ አንዱ ወደዚያ ከሄደ ግን ጎማው ዞሯል። አሠራሩ ያንተው ነው፤ ጠመኔው ብቻ ነው የእኔ።

የመጀመሪያውን ስንሠራ የፊተኛው መስመር ወደ ውጭ ተጠማዘዘ፣ የኋለኛው ወደ ውስጥ። እማማ አንገታቸውን ዘንበል አድርገው አዩና «ይሄ ጠመኔ ጠጥቶ ነው የመጣው» አሉ። እያረፍን፣ ሻይ እየጠጣን፣ ደግመን ደጋግመን ሠራነው። ክሪኩ ላይ ሲደክማቸው «አየር እያየሁ ነው» ይላሉ፣ እኔም ቡሎን እንደምፈልግ ሆኜ እቆያለሁ። ራኩ በትንሽ ጣቴ ውፍረት ያህል ከፍ ማለት እንዳለበት ደረስንበት።

እዚህ ላይ ብትስቅብኝ አልቀየምም። ወንበር ሰፊ አይደለሁም? መቀመጫ ዝቅ ሲል ምን አደርጋለሁ፣ ከሥሩ ቆዳ እጨምራለሁ። ጥሩውን፣ ወፍራሙን የጫማ ሶል ቆዳ አወጣሁ። በልኩ ቆርጬ፣ ደራርቤ፣ ዙሪያውን በድርብ ክር ሰፍቼ፣ ቡሎን ማሳለፊያውን በወስፌ በስቼ ከራኩ እግር ሥር አነጠፍኩት። እንዴት እንዳማረብኝ! እማማ «ይሄንስ መደበቅ የለብሽም ነበር፣ ከላይ ነው መታየት ያለበት» አሉኝ። ጠመኔውም ቀጥ አለ። ሞላውን መልሼ፣ ጎማውን ገጥሜ ብቻዬን ወጣሁ። ጉብታው ላይ አልዘለለችም። ግን መሪውን ሳዞር ዝም ትላለች፤ ቆይታ፣ አሰብ አድርጋ፣ ከዚያ ትዞራለች። ሰው ሲጠሩት «እ?» ብሎ ሦስት ጊዜ እንደሚያስደግም ዓይነት። ገና የመንደሩን መታጠፊያ ሳልጨርስ ፈርቼ ተመለስኩ።

ያንን ብረት ቆራጭ፣ ሚሊሜትር ያልነውን፣ ጠራሁት። ቶርኖ ቤቱ እንዳለ ነው፣ ሰውየውም እንዳለ ነው፤ አሁንም ሻይ ውስጥ ስኳር ሲጨምር የማንኪያውን አፍ በጣቱ ደልድሎ ይለካል። ሥሯ ገብቶ ብዙ ቆየ። ከዚያ የሆነ ድምፅ ሰማሁ፣ የታመመ መሰለኝ፤ ለካ ሳቅ ነው። እንባውን እየጠረገ ወጣ።

«አንቺ ሴትዮ! ራኩ ሊሠራ ነው ወይስ ሊተኛ ነው የመጣው? ትራስም ጨምሪለት እንጂ!»

«ጠመኔው ቀጥ ብሏል እኮ» አልኩ፣ እልህ ይዞኝ።

«መሪ ሲዞር ራኩ መጀመሪያ ቆዳሽ ላይ ይደላደላል፣ ከዚያ ነው ጎማው ወሬ የሚደርሰው። ቡሎኑም በየቀኑ ይላላል። ልክሽ ልክ ነው። ዕቃሽ ነው ልክ ያልሆነው።» ቆዳውን አገላብጦ ስፌቱን አየና ደግሞ «ስፌቱስ ይገርማል፤ ለባልሽ ላኪለት፣ ፍሬም ያድርገው» አለ። ሰላም በይልኝ ብሎሃል። አንተ ከሄድክ ወዲህ ቀልዱን የሚመልስለት ሰው አጥቷል።

ሲደራረቡ ያንን ውፍረት የሚሞሉ የአሉሚኒየም ዝርግ ቁራጮች ቆርጦ ሰጠኝ፤ ወፍራም አለ፣ ቀጭን አለ፣ እየደራረብን እንድንሞክር። ረዘም ያሉ ቡሎኖችም ጨመረልኝ፤ አሮጌዎቹ ከእንግዲህ በቂ አይይዙም አለ። እኔና እማማ ሞላውን እንደገና አወጣን፣ ጣውላውን አሰርን፣ ሰሌዳውን ጠረግን። አንድ ቀጭን ስንጨምር መስመሩ ይቀናል፣ ሌላ ስንጨምር አልፎ ወደዚያኛው ጎን ይሄዳል፣ ስንቀንስ ይመለሳል። በመጨረሻ ሁለቱ መስመሮች ጎን ለጎን እኩል ቆሙ። ጫፋቸው ላይ ትንሽ ይታጠፋሉ። አንተም «መቀነስ እንጂ ማጥፋት የለም» ትል የለ፣ እዚያ ላይ ተውኩት።

እና ሳላስበው «እ» አልኩ።

ልማድ ነው። ክሪኩ ጋ ያለኸው አንተ መሰልከኝ። «እ?» የሚል ድምፅ ጠበቅኩ። ከዚያ በኩል የእማማ ጫማ ብቻ ነው የሚታየኝ፣ ያ ሰማያዊው ነጠላ ጫማቸው። እዚያው ሥሯ እንደተጋደምኩ እንባዬ ወደ ጆሮዬ ወረደ። እማማ ጎንበስ አሉ።

«ዘይት ዓይንሽ ገባ?»

«አዎ እማማ።»

«ለእኔም ገብቷል» አሉና ክሪኩን ለቀው አጠገቤ መሬት ላይ ተቀመጡ። ለማስነሳት ኋላ ያየሁትን አበሳ አልነግርህም።

ሐኪሙን ጠራሁት። መጣ። ያንኑ የመሰንጠቂያውን መንገድ ራሱ መርጦ ገባ፣ ቀስ ብሎ፣ ከዚያ ፈጠን ብሎ። ዘበኛው ከሩቅ ሲያየን ወንበሩን ይዞ ወደ ውስጥ ገባ። ጉብታው መጣ፤ ጎማው ወጣ፣ ወረደ፤ ቀበጧ ቀጥ ብላ ሄደች። ሌላው መጣ፤ አሁንም ቀጥ። ሐኪሙ አንድ እጁን ከመሪው አንስቶ አየኝ። ያን ጊዜ ልቤ ለሁለት ተከፈለ። ግማሹ ሠራሁት እያለ ይኩራራል፤ ግማሹ ምነው አንዴ ብትዘል፣ አንዴ ብቻ፣ እያለ ይለምናል። አልዘለለችም። የሠራናት እኛ ነን እኮ፣ እንዴት ትዘላለች!

ዛሬ ጠዋት መጥቶ ወሰዳት። ልጅቱን ይዟት መጣ፤ ፀጉሯን ሁለት ቦታ የተጎነጎነች፣ የፊት ጥርሶቿ የወለቁ ልጅ ናት፣ የጥርስ ሐኪም ልጅ ሆና! ወንበሩ ላይ ወጥታ ቀበቶዋን ካሰርኩላት በኋላ «ይሄን ማን ሰፋው?» አለች። «እኔ» አልኳት። «ለስላሳ ነው» አለች። ጣሪያውን ከፈቱትና ሄዱ። መታጠፊያው ጋ ስትደርስ የፍሬን መብራቷ በራ፣ ከዚያ ጠፋች። የሽያጩን ነገር እማማ እሁድ ራሳቸው ይነግሩሃል። አሁን ቆማ የነበረችበት ቦታ ላይ የዘይት ጠብታ ብቻ ነው ያለው፤ ጋራዡ ሰፍቶ ሰፍቶ ድምፄ ያስተጋባል። እማማ በሩ ላይ ቆመው ብዙ ካዩ በኋላ «እንግዲህ ምን ይዘን እንጠብቀው?» አሉኝ።

እኔም ሳስበው ዋልኩ። እስከ ዛሬ «የመኪናህ ባትሪ እየሞተ ነው በሉት»፣ «ዝገት ጀምሯታል በሉት» እያልኩ በእናትህ አፍ ስጠራህ ነው የኖርኩት። አንድም ቀን በራሴ አፍ ጠርቼህ አላውቅም። መኪናዋ ትጥራው ብዬ ከጀርባዋ ተሸሽጌ ነበር። ዛሬ የምሸሸግበት ነገር ሄዷል። አንተም መጥተህ የምትወስደው ዕቃ የለህም። ቱታህንም አልሰጥህም፣ ለምጄዋለሁ።

እምቢ ያልኩህ ጊዜ እምቢ ያልኩት መንገዱን እንጂ አንተን አልነበረም። እዚህ እንሁን፣ እዚያ እንሁን፣ እማማን ይዘን እንሂድ፣ ያን ተቀምጠን እንጨቃጨቅበታለን፤ ጭቅጭቅህም ናፍቆኛል። ማን ይቅደም ስንባባል ቆይተናል፤ እነሆ እኔ ቀደምኩ።

ፈጣሪ ባለህበት ይጠብቅህ። እጅህን ከብረት፣ ደረትህን ከብርድ ይጠብቅልኝ። ለእናትህ ዕድሜ፣ ለአንተ የልብ ቀጥተኛ መንገድ ይስጥህ። እማማ ጉንጭህን ስመውሃል፤ የእኔን ግን በወረቀት አልልክም።

ለምንም ብለህ ሳይሆን ለእኔ ብለህ፣ ና።

ሚስትህ